ስለሚያልቀው ዘንግ

ብረት ከዐለት ተለይቶ፣ በእሳት ነጥሮ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቀድሞ አፈርነቱ ለመመለስ የሚቸኩል ፍጥረት ነው። ዝገት ብለን የምንጠራውም ከውጭ መጥቶ የሚይዘው ደዌ ሳይሆን፣ ውኃና አየር በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ብረቱ ራሱ ከእቶን የተቀበለውን ኃይል እየለቀቀ ቀይ አፈር የሚሆንበት መንገድ ነው። ስለዚህ ጌታችን በምድር ላይ መዝገብ መሰብሰብ ከንቱ መሆኑን ባስተማረበት አንቀጽ ዝገትን ከሌባ ጋር አጎዳኝቶ መጥራቱ ሊያስደንቀን ይገባል፤ ሌባ ግድግዳ ቆፍሮ ከውጭ ይገባል፣ ዝገት ግን ከንብረቱ ጋር አድሮ ከንብረቱ ጋር የሚነሣ፣ ባለቤቱ በሩን ቢቆልፍ አብሮ የሚቆለፍ ነው።

ሊቃውንቶቻችን የመለኮትንና የትስብእትን ተዋሕዶ ሲያስረዱ የጋለ ብረትን ምሳሌ ሲያደርጉ ኖረዋልና፣ እኔም ዛሬ ስለ መሥዋዕትና ስለ ፈቃድ ለማሰላሰል ስነሣ ነገሬን ከብረት መጀመሬ እንግዳ አይሆንም። የማነሣው ብረት ግን በአንጥረኛ ምድጃ የጋለው አይደለም፤ ከአዲስ አበባና ከደሴ አልፎ ወደ ትንንሾቹ የደጋ ከተሞች እየገባ ያለው፣ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሙቅ ውኃ የሚሰጠን፣ ቦይለር የምንለው ዕቃ ነው። ይኸው ዕቃ በባሕር ማዶ አነስ ብሎ፣ አርቪ በሚባለው፣ መኝታና ማድቤት በተሠራለት የመንገደኛ መኪና ጎን ተሸጉጦ ይገኛል፤ ልኩም ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 10 ጋሎን፣ በሊትር ቢቆጠር 23 ወይም 38 ያህል ነው።

ታንከሩ የብረት በሆነበት ቦይለር አሠራሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የታንከሩ ውስጥ የመስታወት ዘር በሆነ ልባስ ተለብጧል፤ ነገር ግን ብየዳ ባለፈበትና ቧንቧ በገባበት ቦታ ልባሱ መሳሳቱ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበትም ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ማውጣቱ አይቀርምና፣ በዚያች ስንጥቅ የገባ ውኃ ብረቱን ከሆዱ ጀምሮ ይበሳዋል። ይህ እንዳይሆን ሠሪዎቹ ከማግኒዥየም ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በመካከሉ ቀጭን የብረት ሽቦ ያለበት ዘንግ ወደ ታንከሩ ሆድ ያስገባሉ። ስሙን አኖድ ይሉታል። ግብሩ ማለቅ ነው፤ ከማለቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ውኃው ብረት ፍለጋ ሲመጣ አስቀድሞ ዘንጉን ያገኛል፣ ዘንጉ ይሟሟል፣ ታንከሩም በዘንጉ መሟሟት ይድናል።

ይህ የሚሆነው በታወቀ ሕግ ነው። ማዕድናት ሁሉ ኤሌክትሮን ለመስጠት ያላቸው ዝንባሌ ተለክቶ በተራ ተቀምጧል፤ በዚህ ተራ ማግኒዥየም ከዜሮ በታች 2.37 ቮልት፣ አሉሚኒየም 1.66፣ ዚንክ 0.76፣ ብረት 0.44 ሲሆን፣ መዳብ ግን ከዜሮ በላይ 0.34 ነው። ሁለት ማዕድናት በአንድ ውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲኖሩ በተራው ዝቅ ያለው ይሰጣል፣ ከፍ ያለው ይቀበላል፤ የሰጠው ይሟሟል፣ የተቀበለው ይጸናል። ይህን ለማየት ቦይለር ወዳለበት ከተማ መሄድም አያስፈልግም። በደቡብ ወሎ ባለችው በወግዲ ወረዳ ገጠር የሣሩን ክዳን እየተካ የመጣው ቆርቆሮ፣ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 እ.ኤ.አ. መብቱን ባስመዘገበበት ጥበብ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ብረት ነው፤ አናጢው በሚስማር ሲበሳው ወይም በመቀስ ሲቆርጠው የተገለጠው የብረቱ ጠርዝ ወዲያው የማይዝገው በዙሪያው ያለው ዚንክ ስለ እርሱ እየሟሟ ስለሚጠብቀው ነው። ስንትና ስንት ክረምት አልፎ ዚንኩ ካለቀ በኋላ ነው ቡናማው ጠባሳ ከሚስማሩ ሥር ተነሥቶ እንደ እንባ ወደ ታች የሚወርደው። ስለዚህ በጣሪያችን ላይ ያለ ነገር ስለ እኛ ሲያልቅ እየኖርን፣ ብዙዎቻችን ግን ቀና ብለን አይተነው አናውቅም።

ወደ ቦይለሩ ልመለስና የዘንጉን አወጣጥ በዝርዝር ላስረዳ፤ ነገሩን ሳያውቁ ስለ ምሥጢሩ መናገር ለጸሐፊ አይገባውምና። የአርቪውን ዘንግ ለማውጣት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩንና ጋዙን አጥፍቶ ውኃው እስኪበርድ ይታገሣል፤ የመግቢያውን ቧንቧ ዘግቶ የሙቁን ቧንቧ በመክፈት ግፊቱን ያስተነፍሳል፤ ከዚያም በታንከሩ ግርጌ ያለውን ትልቅ ብሎን በ27 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈታዋል። ዘንጉ ከብሎኑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነውና ብሎኑ ሲወጣ ዘንጉም አብሮ ይወጣል፤ ውኃውም ከግርጌ የተከማቸውን አሸዋና ነጭ ደለል ይዞ ተከትሎ ይፈስሳል። አውራ ጣት ያህል ውፍረት ይዞ፣ ለስላሳና ብሩህ ሆኖ የገባው ዘንግ ሲወጣ አይታወቅም፤ እዚህ ጎድጉዶ፣ እዚያ ቀጥኖ፣ በጣት ሲዳስሱት የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ ወደ ጫፉ ግን የውስጡ ሽቦ ብቻ ራቁቱን ቀርቶ ይገኛል። ባለሙያዎች በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር እንደሚገባ፣ ሽቦው ከታየ ወይም ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ካለቀ ደግሞ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ይመክራሉ። ታንከሩ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ የአዲሱ ዘንግ ጥርስ በቴፍሎን ይጠቀለላል፣ ውኃ ይሞላል፤ ከቧንቧው አየር ሳይቀላቀል ውኃ ብቻ መውረዱ ሳይረጋገጥ ግን እሳት አይለኮስም፤ ባዶ ታንከር ማሞቅ ዕቃውን ያበላሸዋልና። በጨው የለሰለሰ ውኃ ዘንጉን ፈጥኖ ይበላዋል፤ አንዳንዱ ውኃ ደግሞ በውስጡ ባሉ ረቂቅ ሕያዋን ምክንያት ከማግኒዥየሙ ጋር ሲገናኝ የገማ እንቁላል ሽታ ያመጣልና፣ እንዲህ በሆነ ጊዜ ዚንክ የተቀላቀለበት የአሉሚኒየም ዘንግ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ዘንጉ ጨርሶ ሲያልቅ ምንም ምልክት አይሰጥም። ውኃው እንደ ትናንቱ ይሞቃል፣ ቧንቧው እንደ ትናንቱ ይፈስሳል፣ ባለቤቱም እንደ ትናንቱ ታጥቦ ይወጣል፤ እንዲያውም ዘንጉ ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት ታንከሩ ከቀድሞው ይልቅ የበረታ ሊመስል ይችላል፤ ሽታም ቢሆን ይጠፋል፣ ደለሉም ይቀንሳልና። የታንከሩ መበሳት የሚታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ባለቤቱ ታንከሩን ይከስሳል እንጂ ማን ሲጠብቀው እንደ ኖረ አያስብም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሌላው ማለቅ የተጠበቀ ነገር፣ ጤንነቱ የራሱ ነውን? ያለቀውስ ነገር፣ ማለቁ መሥዋዕት ለመባል የሚበቃው መቼ ነው?

ለወግዲ ሰው ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የተቀመጠበት መልክዐ ምድር ራሱ ይጠይቀዋል። ወደ ምዕራብ ሲመለከት ምድሩ ተቆርሶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ በጎጃም ምድር መርጡለ ማርያም አለች። ወደ ሰሜን ቦረናንና መካነ ሰላምን አልፎ ሲሄድ በአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያምን ያገኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እነዚህን ሁለቱን ከአክሱም ጽዮንና ከጣና ቂርቆስ ጋር ቆጥሮ፣ በብሉይ ዘመን በሀገራችን መሥዋዕተ ኦሪት የተሠዋባቸው አራቱ ቦታዎች ናቸው ይላል። ስለዚህ የወግዲ ገበሬ ሞፈሩን ጭኖ ወደ እርሻው ሲወጣ፣ አንዱ በቀኙ አንዱ በፊቱ የደም መሥዋዕት ይቀርብባቸው በነበሩ ሁለት መካናት መካከል ያርሳል ማለት ነው።

የኦሪት መሥዋዕት ጠባይ ድግግሞሽ ነው። በጠዋት አንድ ጠቦት፣ በማታ አንድ ጠቦት ይሠዋ ነበር፤ በዓመት አንድ ቀንም ሊቀ ካህናቱ ደም ይዞ ወደ ውስጠኛው መጋረጃ ይገባ ነበር፤ በሚመጣውም ዓመት ያው ሥርዓት እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ የሚከራከረው በዚህ ነው፤ መሥዋዕቱ ፍጹም ቢሆን ኖሮ መደጋገሙ በቀረ ነበር፣ መደጋገሙ የጉድለቱ ምስክር ነው ይላል። የቦይለሩ ዘንግ የኦሪት ወገን ነው። የአምናው ለዘንድሮ አይበቃም፣ የዘንድሮውም ለከርሞ አይተርፍም፤ ታንከሩንም ለጊዜው ይጠብቀዋል እንጂ የማይዝግ አያደርገውም። ሊቃውንቱ ምሳሌ ከእውነቱ ያንሳል እንደሚሉ፣ ከዚህ ዘንግ ተነሥቶ ወደ ቀራንዮ በቀጥታ ለመሻገር የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ በመካከል ያለው ገደል ፈቃድ ነውና። ዘንጉ ግዕዛን የለውም። ሊሰጥ ወይም ሊነፍግ አይችልም፤ ተገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ተጠምዝዞ ገባ፤ ባሕርዩ ስለሆነም ሟሟ። መድኃኒታችን ግን ነፍሱን ማንም እንደማይወስድበት፣ እርሱ ራሱ እንደሚያኖራት በዮሐንስ ወንጌል ተናግሯል። በቀራንዮ የደሙ መፍሰስ ብቻ ቢታሰብና ፈቃዱ ቢዘነጋ፣ የሚቀረው በግፍ የተገደለ ንጹሕ ሰው ብቻ ይሆናል፤ መሥዋዕት ያደረገው ፈቃዱ ነው።

ይህን ለማጽናት ወደ አብርሃም ልሂድ። በወሎ ምድር የአብርሃም ታሪክ የሁለት ሃይማኖት ርስት ነው፤ በአንድ ደጅ ክርስቲያኑ ዘመድ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘውን በግ ለይስሐቅ ቤዛ ሆኖ ሲያስበው፣ ሙስሊሙ ዘመድ በአረፋ ዕለት በጉን አርዶ ያንኑ የአባትና የልጅ ፈተና ይዘክራል። ልጁ ማን ነበር በሚለው ነገር ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። እኔን የሚደንቀኝ የሚስማሙበት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሽማግሌ አባት የማገዶውን እንጨት ለመሸከም የበረታ ጎልማሳ ልጁን ሲያስረው ልጁ ሲታገለው አናነብም፤ መተርጕማንም ይህን የይስሐቅን ፈቃድ ምስክር አድርገው ያነሡታል። በቁርኣን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተገልጧል፤ ኢብራሂም በሕልሙ ያየውን ለልጁ ነግሮ አሳቡን ይጠይቀዋል፣ ልጁም የታዘዝከውን ፈጽም ብሎ ይመልሳል። የዓለማት ጌታ ያዘዘው ነቢይ እንኳ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት ጠየቀ። ያልተጠየቀው በጉ ብቻ ነው፤ እርሱ እንስሳ ነውና።

እንግዲህ ከሰው ልጆች መካከል ሳንጠይቀው ዘንግ ያደረግነው ማን ነው ብለን እንመርምር። ይህን ስል አሳቤ ወዲያው የሚሄደው ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች ተነሥተው ወደ ዐረብ አገር ወደሚሻገሩት ልጃገረዶች ነው። ወግዲም፣ ቦረናም፣ ከለላም፣ ለጋምቦም ያውቋቸዋል። አንዷ በፓስፖርትና በውል በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ ሌላዋ በደላላ እጅ በጅቡቲ በረሃና በየመን ባሕር ትሻገራለች፤ በሳውዲ ዐረቢያ ቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን ሠርታ ደመወዟን ትልካለች፤ በተላከውም ገንዘብ የአባት ዕዳ ይከፈላል፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት ይቀጥላል፣ የሣሩ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ይመታል። በ2006 ዓ.ም. የሳውዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ባስወጣ ጊዜ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በአውሮፕላን ተመልሰው ሲመጡ፣ ከእነዚያ መካከል ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የወረዱ፣ ጤናቸው የተጓደለ፣ አሳባቸው የታወከ ብዙዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ሀገር በሙሉ ዘንጉን አውጥቶ አየ። ነገር ግን ማየታችን አልቆየም፤ ብዙ ሳይቆይ መንገዱ እንደገና ሞላ።

ፈቅዳ ነው የሄደችው የሚል ሰው አለ፤ እውነትም እኔ እሄዳለሁ ያለችው እርሷ ራሷ ትሆናለች። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚባለው ነገር በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። አባት በእህሉ ዕጥረት በዝምታ ሲቆዝም፣ እናት የጎረቤትን ልጅ ቤት አይታ ስትተነፍስ፣ ደላላው በየሳምንቱ እየመጣ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ፣ በዚህ መካከል ያደገች የ16 ዓመት ልጅ እኔ እሄዳለሁ ብትል፣ ቃሉ የእርሷ ነው፣ አሳቡ ግን የቤቱ ሁሉ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ አልላክናትም ሲል እውነቱን ይናገራል፤ አልላካትም፣ ግን አልጠየቃትምም። ኢብራሂም የጠየቀው ልጁ እንቢ ማለት የሚችልበትን ስፍራ ሰጥቶት ነው፤ እንቢ ሊባል በማይቻልበት ቦታ የሚሰጥ እሺታ ከዘንጉ መሟሟት የሚለይበት መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ስለ እናት የሚነሣ ሰው ቢኖር ግን መልሱ ሌላ ነው። እናት ለልጆቿ ስታልቅ በየማለዳው ፈቃዷን ታድሳለች፤ ለምን ብላ የምትጠይቀው የለም፣ እርሷም ተጠይቃ ብትሆን መልሷ ያው ነው። ስለዚህ ማለቅ ሁሉ ግፍ ነው አልልም። ያልተጠየቀ ማለቅ ግን፣ የዳነው ወገን ቢያመሰግንም ባያመሰግንም፣ መሥዋዕት ሊባል አይገባውም፤ ስሙን መሥዋዕት ብለን ስንጠራው የራሳችንን ኅሊና ማስተኛታችን ነው።

እዚህ ላይ ከወዲያኛው ወገን የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ከባድ ስለሆነ አልሸሸውም። እንግዲያስ ማንም ለማንም አይለቅ፣ እያንዳንዱ ራሱን ይጠብቅ፣ የተጠበቀውም ፈጽሞ የተጠበቀ ይሁን ቢባል ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ በብረት ዕውቀት ውስጥ አለ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱ የጦር መርከቦች ሆድ የተለበጠበት መዳብ በባሕር ውኃ እየተበላ ማስቸገሩን ተመልክቶ፣ በመዳቡ ላይ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጮች ቢለጠፉ ቁራጮቹ እየሟሙ መዳቡ እንደሚድን ለሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። ይህም ዛሬ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ዘንግ የተወለደበት አሳብ ነው። በባሕር ላይ ሲሞከር እንደ ተናገረው ሆነ፤ መዳቡ መበላቱን ተወ። ነገር ግን በዚያው መርከብ ሆድ ላይ የባሕር ሣርና ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ እንስሳት ተጣብቀው በዙ፣ መርከቡም ከብዶ ዘገየ። ምክንያቱ በኋላ ተስተዋለ፤ መዳብ በባሕር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲሟሟ፣ ያ የሚሟሟው ጥቂት መዳብ ለሚጣበቁት ሕያዋን መርዝ ስለሆነ አያስጠጋቸውም ነበር። መሟሟቱ ሲከለከል መከላከሉም አብሮ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ባሕር ኃይሉ ቁራጮቹን ከተጓዥ መርከቦቹ ላይ አስነሣ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ስለ መርከብ ብቻ እያነበብሁ እንዳልሆነ ተሰማኝ። መዳቡ ለመርከቡ ይሰጠው የነበረው አገልግሎት በራሱ ጥቂት ማለቅ ውስጥ ነበር፤ ማለቁን ሙሉ በሙሉ ሌላ ሲሸከምለት አገልግሎቱም ጠፋ። እኅቱ በባሕር ማዶ እየሠራች የሚያድግ ወንድም፣ ከእርሱ ጥቂት ሳይጠየቅ፣ ማረሻ ሳይይዝ፣ ከብት ሳይጠብቅ፣ ትምህርቱንም የእኅቱን ላብ የሚከፍልበት አድርጎ ሳይመለከት ሲቀር፣ የሚለጠፍበት ነገር ብዙ ነው፤ ይህንም በየመንደሩ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ አልጭንም። ፈጽሞ የተጠበቀ ሰው በጠባቂው ፈቃድ ሳይሆን በራሱ ባዶነት ይታመማል። አባቶች ጾምን፣ ስግደትን፣ ምጽዋትን የሠሩልን ከሰው ሁሉ ጥቂት እንዲያልቅ፣ ሸክሙም በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይከመር ይመስለኛል። ባለጸጋው ዐሥራቱን፣ ድኻዋ ሁለቱን ሳንቲሟን፣ ሕፃኑ የጠዋት ቁርሱን የሚያዘገይባትን ጥቂት ሰዓት ሲሰጥ፣ በጉባኤው ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የዳነም ሙሉ ለሙሉ ያለቀም አይኖርም።

በዚህ ዘመን የማያልቅ ዘንግ ተሠርቷል። ከቲታኒየም የተሠራ፣ ከውጭ በሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ነው፤ ኃይሉ ከሌላ ስለሚመጣ እርሱ ሳይሟሟ ታንከሩን ይጠብቃል። ስለ እርሱ ስሰማ ሙሴ በሲና ያያት፣ ነድዳ ያልተቃጠለችው ዕፀ ጳጦስ ታሰበችኝ። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ይህ ዘንግ ዝም ይላል፤ መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት በእኛ ደጋ ላይ የማግኒዥየሙ ዘንግ ይበልጥ የታመነ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ከቲታኒየሙ አንድ ነገር እንወስዳለን፤ የሚሰጥ ሰው ከሌላ የሚቀበልበት መስመር ካለው ቶሎ አያልቅም።

ስለዚህ ልጅ ባሕር ማዶ ያላቸው ቤተሰቦች እንዲያደርጉት የምመኘው ነገር ግልጽ ነው። ከምትልከው ገንዘብ ውስጥ የተወሰነ እጅ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ፤ በስሟ አንድ ጊደር ትገዛ፣ ስትወልድም ጥጃዋ የእርሷ ትሁን። ወንድሟ ከቤቱ ሸክም የሚችለውን እጅ ይያዝ፤ ይህን መያዙም በስልክ ይነገራት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካም ይሁን በአረፋ፣ ገንዘብ የማይነሣበት ንግግር ይደረግና መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ትጠየቅ፤ የምትጠየቀውም ዕዳው ሁሉ ከመነገሩ በፊት እንጂ ከተነገረ በኋላ አይሁን። እፈልጋለሁ ካለች ቤቱ ያለ እርሷ ደመወዝ እንዴት እንደሚኖር ያን ጊዜውኑ መመከር ይጀመር። በእርሷም ገንዘብ ቆርቆሮ የተመታበት ቤት ካለ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ከአባቷና ከወንድሟ ስም ጋር ይጻፍ፤ ይህን ለማድረግ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መሄድ የሚጠይቅ ከሆነም፣ እርሷ ከተሻገረችው ባሕር አንጻር የወግዲ መንገድ ሩቅ አይደለም።